ተማሪ ይዘሽ ጋራ ከመውጣትሽ በፊት

እታለም፣ የተጎዳ ሥነ ምህዳር መልሶ ማገገም የሚባለው ኮርስ ዘንድሮ እንደተሰጠሽ፣ ተማሪዎቹን ከክፍል አውጥተሽ በተግባር ማስተማር እንደምትፈልጊ፣ ግን መኪናም በጀትም እንደሌለ ጽፈሽ «ከምን ልጀምር? ችግኝስ ከየት ላምጣ?» ብለሻል። እኔ ደሴ ዙሪያ ይህንኑ ኮርስ ለዓመታት ስላስተማርኩ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከተከላ አትጀምሪ። የተከላ ወቅቱ ሐምሌ ነው፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ተማሪሽ አገሩ ገብቷል። ኮርሱን ከበጀት እጦት በላይ የሚጎዳው ይህ የግቢው የጊዜ ሰሌዳና የመሬቱ ወቅት አለመገጣጠም ነው። ብዙ ቦታ የሚደረገው ሰኔ መጨረሻ ላይ ተጣድፎ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ ችግኝ ማስያዝና ፎቶ መነሳት ነው። ተማሪው ከዚያ ቀን የሚያተርፈው ቁፋሮን ነው፤ እሱን ደግሞ አብዛኛው ከገበሬ ቤት የመጣ ስለሆነ ከእኛ በላይ ያውቀዋል።

ከቆጠራ ጀምሪ። ኅዳር ላይ፣ ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ባለፈው ክረምት ችግኝ ወደተተከለበት ጋራ ውሰጃቸው። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለ ቦታ በቅርብ አታጪም። በገመድ 10 ሜትር በ10 ሜትር እየከለሉ የጸደቀውንና የደረቀውን በየዝርያው ይቁጠሩ። ግንቦት ላይ ያንኑ ቦታ ድገሙት። ችግኝ በብዛት የሚያልቀው በበጋው ስለሆነ የሁለቱ ቆጠራ ልዩነት ብቻውን የአንድ ሳምንት ትምህርት ይሆንሻል። የደረቀውንም ዝም ብለው አይለፉት፤ ነቅለው ይመርምሩት። ላስቲኩ ሳይወልቅ ነው የተተከለው? ሥሩ ታጥፏል? ፍየል ቀጥፎታል? ጉድጓዱ ጥልቀት አንሶታል? ላስቲኩን ከነሥሩ ከመሬት መዝዞ ያወጣ ተማሪ የልማት ሠራተኛ ሆኖ ሲመደብ ያንን ችግኝ አይረሳውም።

ቦታው ከግቢ በእግር የሚደረስ ይሁን። ሩቅና ውብ ቦታ በዓመት አንዴ ከማየት ቅርብ ያለውን የተጎዳ ጋራ አሥር ጊዜ መመላለስ ይሻላል። በተለይ አንድ ቦረቦር ምረጪና ለዓመታት አትቀይሪው። ክረምቱ ሳይገባ በቦረቦሩ አናትና ግድግዳ ላይ የብረት ችካል መትታችሁ ከአፈር በላይ የቀረውን ርዝመት ለኩና መዝግቡ። ቀጣዩ ባች በጥቅምት መጥቶ ያንኑ ችካል ሲለካ ክረምቱ ምን ያህል አፈር እንደወሰደ፣ ጎርፉን ለመግታት ቦረቦሩን አቋርጦ ከተሠራው ክትር ጀርባ ደግሞ ምን ያህል ደለል እንደተኛ በዓይኑ ያያል። መዝገቡ ከባች ወደ ባች ይተላለፍ፤ ነጥብም ስጪበት። የኮርሱ ሀብት ይህ መዝገብ ነው። አሁን በወሎ ተራሮች ስለ አፈር መከላት በእርግጠኝነት የምንናገረው አብዛኛው ነገር የተገኘው እንዲህ በመመላለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ደሴ አጠገብ፣ ማይባር ላይ የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ዋና ሥራው ዝናቡን፣ ጎርፉንና ደለሉን ሳያቋርጡ መለካት ነበር።

መሣሪያ የለንም ብለሽ አትጨነቂ። በተዳፋት ላይ እኩል ከፍታ ያለውን መስመር የሚያሳየው ኤ-ፍሬም ሁለት እንጨት፣ አንድ አግዳሚ፣ ገመድና ድንጋይ ነው፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሥሩት፣ እርከኑ የሚያልፍበትን መስመርም በእሱ ይቀይሱ። ሌላው ርካሽና እኔ በጣም የምወደው ሥራ የአፈር ውስጥ ዘር ነው። ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም ከቀብር ቦታ ዛፎች ሥር፣ የቦታውን ባለቤቶች አስፈቅዳችሁ፣ ትንሽ አፈር ውሰዱ፤ ከተራቆተው ጋራም እንዲሁ። ሁለቱንም በሳፋ አንጥፋችሁ ውሃ እያጠጣችሁ የሚበቅለውን ቁጠሩ። ከሁለቱም የሚወጣው በአብዛኛው ሣርና አረም ይሆናል፤ ጥድና ወይራ እምብዛም አይታይም። በአገራችን ደጋማ ደኖች የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ ያሳያሉ፤ አብዛኞቹ ነባር ዛፎቻችን አፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የዘር ክምችት የላቸውም። ስለዚህ እናት ዛፉ ከጠፋ መሬቱን መከለል ብቻውን አይመልሰውም፤ ዘሩ ከሌላ ቦታ፣ በወፍም በሰውም፣ መምጣት አለበት። ይህን በሳፋ ያየ ተማሪ ኮምቦልቻ አጠገብ ተራራው ላይ ያለውን የጎፍን ደን ቀና ብሎ ሲያይ ደኑ ለታችኛው ጋራ የዘር ምንጭ መሆኑ ይታየዋል።

ወፍ ካልኩ አይቀር፣ ክትክታና አጋም የወረሰውን ቦታ «ቁጥቋጦ ነው» ብለው እንዳይመነጥሩት አደራ። ወፍ ከጣለው ዘር የበቀለ የወይራ ቡቃያ ፀሐይና ከብት ሳያገኘው የሚያድገው እነሱ ሥር ነው። በትግራይ ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ ሆነው በተከለሉ ቦታዎች ይህ በደንብ ተጠንቷል፤ ተማሪዎችሽ ቁጥቋጦ ሥርና ገላጣ ላይ ያለውን ቡቃያ ለየብቻ ቆጥረው እዚሁ ማነፃፀር ይችላሉ። ወደ ኮምቦልቻና ቃሉ ቆላ ከወረዳችሁ ደግሞ ቅንጨ አረም አለ፤ ቆዳ ስለሚያስቆጣ በባዶ እጅ አይንቀሉት።

አሁን ከሁሉም ወደሚከብደው ልምጣ፤ ሰው። የወሎ ገበሬ በጋራው ላይ ብዙ ሲታዘዝ የኖረ ነው። ከ1977 ድርቅ በፊትም በኋላም በእህል ለሥራ ብዙ እርከን ተሠርቷል፣ ጋራዎች ተከልለው ችግኝ ተተክሏል። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ከዚያ ደን ብዙው ተጨፈጨፈ። ምክንያቱን ከመጽሐፍ ብቻ አታስተምሪው፤ በዕድሜ ጠና ያሉ አባቶችና እናቶች አሉ፣ ተማሪዎቹ ቁጭ ብለው ይጠይቋቸው። እኔ የሰማሁት መልስ «የማን እንደሆነ አላወቅንም» የሚለው ነው። ሣሩን ማን ያጭዳል? እንጨቱ ሲደርስ የማን ነው? ይህ ሳይለይ የተከለለ ጋራ እስኪከፈት የሚጠበቅ ጋራ ነው።

ስለዚህ ከወረዳ ግብርና ደብዳቤ ብታወጪም ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቀጥሎ ወደ ቅሬ ዳኛው፣ ማለት የመንደሩ እድር መሪ፣ ሂጂ። ከብት የት እንደሚውል፣ የትኛው ወገን ከየትኛው ጋር በድንበር እንደተቀያየመ የሚነግሩሽ እሳቸው ናቸው። በልግ አብቃይ በሆነው ደጋ የካቲት ላይ ሰው እርሻ ላይ ነውና የሥራ ቀጠሮሽን እነሱን ጠይቀሽ ያዢ። ተማሪዎቹም ባሕር ዛፍ ተከላችሁ ብለው ገበሬ እንዳይወቅሱ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ዶናልድ ክራሚ የሚባል የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1937 የተነሱ የወሎ ፎቶዎችን በ1997 ከተነሱት ጋር ሲያስተያይ በአብዛኛው ዛፉ ጨምሮ ነው ያገኘው፤ ከተጨመረው ብዙው ደግሞ ገበሬው በገዛ እጁ የተከለው ባሕር ዛፍ ነበር። ገበሬው የራሱ ለሆነ ዛፍ እንደሚደክም ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ችግኙን በተመለከተ፣ ወረዳው ችግኝ ጣቢያ አለው፤ ግን ሰኔ ላይ ሄደሽ የምታገኚው ከሌላው የተረፈውን ነው። ጥር ላይ ሂጂ፣ ዘር ሳይዘራ። ወይራ፣ ኮሶ፣ ዋንዛ እንፈልጋለን ብለሽ አስመዝግቢ፤ በምትኩም ተማሪዎችሽ አፈር መደባለቁንና ላስቲክ መሙላቱን ያግዙ። የግራር ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ከመዘራቱ በፊት በፈላ ውሃ ይነከራል፤ የወይራው ደግሞ ድንጋዩ ካልተሰነጠቀ በጣም ይዘገያል። ይህን ሁሉ ተማሪው ግቢ እያለ፣ በሰሚስተሩ ውስጥ ሊሠራው ይችላል። ሐምሌ ላይ የሚተክሉት ገበሬዎቹ ይሁኑ፤ ኅዳር ላይ ተማሪዎችሽ ሄደው ይቆጥሩታል።