የአንባቢያን ጥያቄ፦ የታይሮይድ ክኒንና የእርግዝና የመጀመሪያ ሳምንታት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአዳማ ነዋሪ ነኝ። በእንቅርት ምክንያት ታይሮይዴ በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ሌቮታይሮክሲን 100 ማይክሮግራም በየቀኑ እወስዳለሁ። አሁን የስድስት ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። የክትትል ቀጠሮዬ ገና ከአንድ ወር በኋላ ነው። አማቴ «ክኒን ለጽንስ አይበጅም፣ እስከዚያ ተይው» ይሉኛል። የደም ማነስ ክኒንም ጠዋት አብሬ እወስዳለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ክኒኑን እንዳያቋርጡ፤ ቀጠሮውንም አይጠብቁ። አማትዎ የሚሉት ለብዙ መድኃኒት ይሠራል፣ ለዚህ ግን አይሠራም። ሌቮታይሮክሲን የታይሮይድ እጢዎ ያመርተው የነበረው ያው ሆርሞን ነው። ጽንሱ የራሱን ሆርሞን መሥራት የሚጀምረው ከ12ኛው ሳምንት ወዲህ ሲሆን፣ የሚበቃውን ያህል የሚያመርተው ደግሞ አምስተኛው ወር አካባቢ ነው። እስከዚያ ድረስ አንጎሉ የሚያድገው በእርስዎ ሆርሞን ነው።

ችግሩ፣ የእናትየው ፍላጎት የሚጨምረውም በእነዚሁ ሳምንታት መሆኑ ነው። ኤስትሮጅን ሲጨምር ሆርሞኑን በደም ውስጥ የሚሸከመው ፕሮቲን ይበዛል፤ የእንግዴ ልጁም ከሆርሞኑ ከፊሉን ያፈርሳል። ጤነኛ እጢ ምርቱን እስከ ግማሽ ያህል ከፍ አድርጎ ይቋቋመዋል። እርስዎ ግን እጢ ስለሌለዎት ጭማሪው ከክኒኑ ካልመጣ ከየትም አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የቦስተን ሐኪሞች ጥናት ይህን ለክቶታል፦ ጭማሪ ማስፈለግ የጀመረው ገና በአምስተኛው ሳምንት ሲሆን፣ በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ የሚያስፈልገው መጠን በአማካይ በ47 በመቶ አድጓል። ከወር በኋላ ያለው ቀጠሮ ለዚህ ዘግይቷል የምንለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ወይም ነገ የታይሮይድ ሐኪምዎን ያግኙና ቲኤስኤች (አንጎል ታይሮይድን ለማዘዝ የሚልከው ሆርሞን፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ፣ ሲበዛ ዝቅ ይላል) እና ፍሪ ቲ4 (በደም ውስጥ ያለው ነጻ የታይሮይድ ሆርሞን) ይመርመሩ። ውጤቱ እስኪደርስ ድረስ የተለመደው ዓለም አቀፍ መመሪያ በሳምንት ሁለት ተጨማሪ ክኒን ነው፤ በ7 ፈንታ 9 ማለት ነው። ለምሳሌ ረቡዕና እሑድ ሁለት ሁለት፣ በሌሎቹ ቀናት አንድ። የልብ ሕመም ካለብዎ ወይም እጢው የወጣው በካንሰር ምክንያት ከሆነ ግን ሐኪሙ ሳይናገር መጠኑን አይንኩ፤ የሚፈለገው ልክ ይለያያል። ከዚያ በኋላ እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየአራት ሳምንቱ፣ ቀጥሎም በ30ኛው ሳምንት አካባቢ አንዴ ምርመራ ይደረጋል። የሚፈለገው ቲኤስኤች ከ2.5 በታች ነው። ደሙን የዚያን ቀን ክኒን ከመዋጥዎ በፊት ያስቀዱ፤ ቢቻል ሁልጊዜ በአንድ ላቦራቶሪ።

የደም ማነስ ክኒኑን ወደ ማታ ያዛውሩት። አይረን ከሌቮታይሮክሲን ጋር ሆድ ውስጥ ይጣበቅና ሳይመጠጥ ያስወጣዋል፤ ካልሲየምም እንዲሁ። በመካከላቸው ቢያንስ አራት ሰዓት ይኑር። ቲኤስኤች አልወርድ ብሎ መጠን በላይ በላዩ ሲጨመርላት የነበረች ነፍሰ ጡር፣ ምክንያቱ የሁለቱ ክኒኖች አብሮ መዋጥ ብቻ ሆኖ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። ሌቮታይሮክሲኑን እንደነቁ በባዶ ሆድ በውሃ ይዋጡ፤ ቁርስና ቡና ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሁን። ወተት የሌለበት ቡናም ቢሆን መመጠጡን ይቀንሳል። ጠዋት ማቅለሽለሽ ካስቸገረዎት ከእራት ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ሲተኙ መውሰድ ይቻላል፤ ያኔ አይረኑ ወደ ቀን ይዛወራል።

አንድ የአዳማ ነገር እንጨምር። ይህ ክኒን ሙቀት፣ እርጥበትና ብርሃን አይወድም፤ ከ25 ዲግሪ በታች ነው መቀመጥ ያለበት። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያ፣ የምድጃ አጠገብ ወይም ቀኑን ሙሉ በፀሐይ የሚዞር ቦርሳ ኃይሉን ይቀንሰዋል። ቤቱ ውስጥ ቀዝቀዝ ባለው ክፍል፣ በራሱ ማሸጊያ ያስቀምጡት፤ የብዙ ወር አንዴ ከመግዛትም የአንድ ወር የአንድ ወር ይሻላል።

ሲወልዱ በማግስቱ ወደ ቀድሞው 100 ማይክሮግራም ይመለሳሉ፤ ቲኤስኤች ከስድስት ሳምንት በኋላ ይታያል። ጡት ማጥባት አይከለከልም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የአሥር ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት፤ ከባድ ትውከት አለባት። ቲኤስኤች 0.05 ሆኖ «ታይሮይድሽ በዝቷል» ተብላ መድኃኒት ታዘዘላት። ትጀምር?

መልስ፦ ፍሪ ቲ4 ሳይታይና ሐኪም አንገቷንና ዓይኗን ሳይመረምር ባይጀመር እንመርጣለን። በእነዚህ ሳምንታት ከፍተኛ ደረጃ የሚደርሰው የእርግዝና ሆርሞን፣ ያው በሽንት ምርመራ የሚታየው፣ በቅርጹ ቲኤስኤችን ስለሚመስል እጢውን ያነቃቃል፤ ቲኤስኤችም ይወርዳል። መንታ ሲሆንና ትውከት ሲበዛ ይበልጥ ይወርዳል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከ14 እስከ 18 ሳምንት ባለው ጊዜ በራሱ ይስተካከላል፤ የእጢውን ምርት የሚቀንስ መድኃኒት አይጠቅመውም። መድኃኒቱ ደግሞ የእንግዴ ልጁን አልፎ የጽንሱን እጢ ያዳክማል።

ከእርግዝናው በፊት የነበረ የታይሮይድ ሕመም፣ እንቅርት፣ የዓይን መጎልጎል ወይም በደም ውስጥ የታይሮይድ ተቀባይ ፀረ እንግዳ አካል (እጢውን ከልክ በላይ የሚያነቃቃ የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን) ከተገኘ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚመረጠው መድኃኒት ፕሮፒልታዩራሲል ነው፤ ሌሎቹ የዚሁ ዓይነት መድኃኒቶች፣ ካርቢማዞልና ሜቲማዞል በተለይ ከ6ኛው እስከ 10ኛው ሳምንት ከአፈጣጠር ጉድለት ጋር ይያያዛሉ። አልትራሳውንድም ይነሳ፤ መንታንም ሆነ ያልተለመደ እርግዝናን ይለያል። ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጥ ባዮቲን የምትወስድ ከሆነ ለላቦራቶሪው ትናገር፤ በአንዳንድ መሣሪያዎች ቲኤስኤችን በሐሰት ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ ይቋረጣል።

ትውከቱ ግን አይናቅ። ውሃ እንኳ ካልረጋላት ወይም ሽንቷ ካነሰ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይውሰዷት። ትውከቱ ሳምንታት ከዘለቀ፣ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ቫይታሚን ቢ1 እንዲሰጣት ይጠይቁ፤ ቅደም ተከተሉ ሲዛባ አንጎል ይጎዳል።

ጥያቄ፦ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ቲኤስኤች 4.3፣ ፍሪ ቲ4 ልክ ነው ተባልኩ። ሐኪሙ መድኃኒት አያስፈልግም አለኝ፤ ጎረቤቴ ግን «ልጁ ይደነዝዛል» ትለኛለች።

መልስ፦ ጎረቤትዎ የሰማችው ወሬ ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሳይሆን አይቀርም። የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት ኖሮባቸው ሳይታከሙ የወለዱ እናቶች ልጆች በአእምሮ ፈተና በአማካይ 7 ነጥብ ያንሱ ነበር፤ የእናቶቹ ቲኤስኤች ግን ከእርስዎ እጅግ የላቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ከብሪታኒያና ከጣሊያን፣ በ2017 ከአሜሪካ የወጡት የሙከራ ጥናቶች ቀለል ያለ እጥረት ያለባቸውን አክመው፣ ልጆቹን በሦስትና በአምስት ዓመታቸው ሲፈትኑ ልዩነት አላገኙም። ጉድለት አላቸው፤ በ2017ቱ ሕክምናው የተጀመረው በአማካይ 17ኛው ሳምንት ላይ ስለነበር ቀድሞ ቢጀመር ምን ይሆን ነበር የሚለውን አይመልስም። እርስዎ ያሉበት ወር ግን ከዚያም አልፏል።

ክኒኑን ለማትወስድ ነፍሰ ጡር የቲኤስኤች የላይኛው ወሰን 4 አካባቢ ነው፤ የእርስዎ ጠርዙ ላይ ነው። ሐኪምዎን የፀረ ቲፒኦ (ሰውነት የራሱን ታይሮይድ የሚያጠቃበት ፀረ እንግዳ አካል) ምርመራ ይጠይቋቸው። ኔጌቲቭ ከሆነ ከአራት ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች መድገም ይበቃል፤ ፖዘቲቭ ከሆነ አነስተኛ መጠን ሌቮታይሮክሲን ሊያዙልዎ ይችላሉ፤ ከወለዱ በኋላ ባሉት ወራትም እጢው ሊታወክ ስለሚችል ክትትሉ ይቀጥላል።