አባዬ ቀን ያንቀላፋሉ፣ ሌሊት ዓይናቸው አይከደንም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደምበጫ ነው። አባዬ በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ ወር ሊሞላቸው ነው። ትኩሳቱ ለቋቸዋል፣ መድኃኒታቸውንም ጨርሰዋል። ሌሊት ግን ጋደም ሲሉ ሳሉ ይነሳባቸዋል፣ ቁጭ ብለው ያድራሉ፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ መደብ ላይ ያንቀላፋሉ። «የእንቅልፍ ኪኒን ግዙልኝ» ይሉናል። እንግዛላቸው?

መልስ፦ አትግዢ እህቴ። ሐኪም ሳያዝ በፍጹም። አንዳንዱ የእንቅልፍ ኪኒን አተነፋፈስን ያዳክማል፤ በዚያ ላይ ትልቅ ሰው ሌሊት ለሽንት ሲነሳ ያንገዳግደዋል።

ከሳንባ ምች በኋላ ሳል ለሳምንታት፣ ድካም ደግሞ እስከ 3 ወር ቢቆይ የተለመደ ነው። ዋናው ነገር እየቀነሰ መሄዱ ነው። ካልቀነሰ፣ ወይም ሌሊት የሚያልባቸውና የሚከሱ ከሆነ አክታቸው ለቲቢ ይመርመር።

እኔ የምጠረጥረው ግን ቀኑን ነው። አባት ታሞ ሲወጣ ጠያቂ አይቋረጥም፣ ጠያቂ ሲመጣ ቡና ይፈላል፣ እሳቸውም «አንድ ስኒ» እያሉ እስከ በረካ ይዘልቃሉ። ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጡት ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሽ ያህሉ ካፌይን ገና ሰውነታቸው ውስጥ ነው። የዕጣኑና የእሳቱ ጭስም ሳሉን ይቀሰቅሰዋል። እንግዳውን ጠዋት ጠዋት አድርጊው፣ ቡናውም ውጭ ይፈላ። ጎረቤት ቅር ካለው በእኔ አሳብቢ። አረቄም ይቅር፤ ቶሎ ያስተኛና እኩለ ሌሊት ላይ ያባንናል።

ጠዋት ፀሐይ ላይ ይቀመጡ፣ እስከ አጥር በር ወክ ያድርጉ፣ አቅማቸው ሲመለስ ራቅ ይበሉ። ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይተኙ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ግን መደቡ ላይ ጋደም አይበሉ።

ማታ ትራስ በትራስ ላይ መደራረብ አንገት ያጎብጣል እንጂ ደረት አይከፍትም። ብርድ ልብስ አጥፈሽ ከፍራሹ ሥር ከወገባቸው በላይ ባለው በኩል ክተቺበት። ስኳር ከሌለባቸው ለብ ያለ ውሃ በማር ጉሮሯቸውን ያለዝበዋል።

ብርዱን ፈርታችሁ የከሰል ማንደጃ አስገብታችሁ በር የምትዘጉ ከሆነ ዛሬውኑ አቁሙ! የከሰሉ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ጤነኛውንም ይገድላል። ጋቢ ደርቡላቸው።

ቁጭ ብለው የሚያድሩት በሳሉ ሳይሆን ትንፋሽ እያጠራቸው ከሆነ፣ እግራቸውም ካበጠ፣ ልብም ሊሆን ስለሚችል ሳታድሪ ሐኪም ጋ ውሰጃቸው። ከንፈራቸው ከጠቆረ ወይም ንግግራቸው ከተዘባረቀ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቂ።