ከጥር 11 እስከ ጥር 23

ሰሞኑን እንጅባራ ላይ አንድ ወጣት ፈረሰኛ አስቁሞኝ ነበር። ቀን ቢሮ ይውላል፣ ማለዳና ማታ ለጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል ይለማመዳል፣ ቅዳሜና እሑድ ሙሽራ ያጅባል። «ጋሼ፣ እኔም ፈረሱም ደክሞናል፤ የቱን ልተው?» አለኝ። ሁለት ሦስት ነገር ነግሬው ተለያየን፤ ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን ጥያቄ እኔ በ23 ዓመቴ ልጠይቀው ይገባ ነበር። አልጠየቅኩም። ሳልጠይቅ መልሱን የነገረኝንም ሰው አልሰማሁም።

መልኩ ዳማ የሆነ ፈረስ ነበረኝ፤ ስሙም ዳማ ነበር። ስም ማውጣት አልችልበትም፣ ለልጆቼም ያወጣችላቸው እናታቸው ናት። ጥር በእኛ በአዊ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። 11 ጥምቀት፣ 12 ቃና ዘገሊላ፣ 18 ጊዮርጊስ፣ 21 አስተርእዮ ማርያም፣ በመሐሉ ሰርግ በሰርግ። ከዚያ 23 ይመጣል። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን የሚያስብበት ቀን ነውና፣ በዚያ ቀን ሜዳው ላይ ያልታየ ወጣት ዓመቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።

በ1989 ዓ.ም. ለሁሉም እሺ አልኩ። በጥምቀት ዋዜማ አጎቴ ዘንድ ገብስ ልበደር ሄድኩ። አጎቴ በባዶ እግሩ የሚጋልብ፣ እርካቡን በአውራ ጣቱ ብቻ የሚይዝ የድሮ ሰው ነበር፤ ጣቱ ከሌሎቹ ተገንጥሎ ወጥቶ ጫማ አይገባለትም፤ በሕፃንነታችን እየጎተትን እንስቅበት ነበር። ገብሱን እየሰፈረ «የትኞቹን ልትጋልብ ነው?» አለኝ። «ሁሉንም» አልኩት። «ፈረሱ አንድ ነው፣ በዓሉ ብዙ ነው። 23ን ከፈለግህ ሌላውን በእግርህ ሂድ።» በእግሬ! ግላሱን፣ የፈረሱን የጌጥ ልብስ፣ በአዲስ ጥልፍ ያሠራሁበት ዓመት፣ የደመወዜ ግማሽ የሄደበት!

በ11 እና በ12 ታቦት አጀብኩ። በ14 ለዘመድ ሰርግ ዳንግላ ወርጄ፣ በማግስቱ ሥራ ስለነበረኝ ሌሊቱን ተመለስኩ። ቢሮም በፈረስ እመላለስ ነበር፤ ቤቴ ቅርብ ነው፣ ግን ሰው ይየኝ። በ18 ጉግስ፣ በ21 እንደገና ጉግስ። ዳማ ከ18 በኋላ ገብሱን ማስተረፍ ጀምሮ ነበር። ጠገበ ብዬ ደስ አለኝ፤ የተበደርኩት ገብስ ተረፈልኝ።

በ22 ማታ አጎቴ መጣ። ሳይቀመጥ ጋጣ ገብቶ የፈረሱን አራት እግሮች በመዳፉ ከላይ ወደ ታች ዳሰሰ። ከፊት ግራው ላይ ቆየ። «ይሄ ትኩስ ነው» አለ። «ፀሐይ ስለዋለበት ነው» አልኩት። ፀሐይ አንዱን እግር ብቻ መርጣ እንደማታሞቅ እኔም አውቅ ነበር፤ እሱም ማወቄን ያውቅ ነበር። ምንም ሳይናገር ወጣ።

በማግስቱ ሽምጥ ስንጋልብ፣ ከሜዳው እኩሌታ ላይ ከሥሬ የሆነ ነገር ሲላላ ተሰማኝ። አልወደቀም። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ እኔ ልጓሙን መሳብ ሲገባኝ ጋሻዬን ከፍ አደረግኩ። እስከ ጫፍ አደረሰኝ። ስወርድ ግራ እግሩን መሬት ማስነካት አቅቶት ነበር።

ዓመት ሙሉ አነከሰ። በክረምቱ ድርቆሽ ሲወደድ ለባለ ጋሪ ሸጥኩት። አጎቴን ግን ለገጠር ዘመድ ሰጠሁት ብዬ ዋሸሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ጆንያ ተጭኖበት ቆሞ አየሁት፤ መንገድ አቋርጬ በሌላ በኩል አለፍኩ።

የእንስሳት ጤና የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ከጉልበት በታች የፈረስ እግር ጡንቻ የለውም፤ ቆዳ፣ አጥንትና ጅማት ብቻ ነው። ትንፋሹና ጡንቻው በሳምንታት ይዳብራሉ፣ ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ፈረሱ ለግልቢያ የደረሰ መስሎ ይታያል፣ እግሩ ግን ገና አልደረሰም። ጅማት ደም በብዛት ስለማያገኝ አንዴ ከተጎዳ በቀላሉ አይድንም። ከማነከሱ በፊት ይሞቃል። አጎቴ ፊደል ሳይቆጥር በመዳፉ ያወቀውን እኔ በትምህርት ቤት ለፈተና አጠናሁት።

ለእናንተ ለወጣት ፈረሰኞች የምላችሁ ጥቂት ነው። ዋናውን ቀን ለዩና ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ከሱ በፊት ባለው ሳምንት የሚጠራችሁን አትጋልቡለት፣ የአክስት ልጅም ቢሆን። ማታ ማታ እግሩን ዳስሱ። ያረፈ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ ከመንጋጋው ሥር ጣታችሁን አድርጋችሁ መቁጠር ትችላላችሁ። የዛሬ ልጆች ጥልፉንና ዘርፉን ስታሳምሩ ታመሻላችሁ፣ ኮቴውን አንሥቶ የሚያይ ግን አይታየኝም። ስልክ ይዞ የሚቀርጽ ጓደኛ ካልመጣ የማይጋልብም አለ። እኛ እንዲህ አልነበርንም ልል ነበር፤ ጋሻዬን ለማን ከፍ እንዳደረግኩ ግን አሁን ነገርኳችሁ።

ስለ ራሳችሁ ድካም ለመምከር ብቃቱ የለኝም። ወገቤን ይዤ ዛሬም የጠራኝ ቀበሌ ሁሉ እሄዳለሁ፤ ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ ብታነብ ትስቃለች።

ልጁ ከጠየቀኝ በኋላ ሣጥን ከፍቼ ያለችኝን አንዲት የዳማ ፎቶግራፍ አወጣሁ። ጥር 23 ማለዳ፣ ከግልቢያው በፊት የተነሣናት ናት። እኔ ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ። ፈረስ ሲያርፍ የኋላ እግሩን አላልቶ ይቆማል፣ የፊቱን ግን ካላመመው በቀር አያሳርፍም። ስንት ጊዜ ያየኋት ፎቶ ናት፤ ዳማ የፊት ግራ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ክብደቱን አንሥቶለት ቆሟል።