ቢ ሜዞንን ማን አየው?

እህቴ፣ «ቢ ሜዞን የሚባለው ቅንጣት በሴኮንድ ትሪሊዮንኛ ከጠፋ፣ አገኘነው የሚሉት ግምት አይደለም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚህ ድሬ ፊዚክስ ማስተማር ስጀምር ይሄው ጥያቄ ሰላም ነስቶኝ ነበር። መልሱን ያገኘሁት በላፕቶፔ ነው።

ቅንጣቶችን እያጋጨ የሚያጠናው የምርምር ማዕከል፣ ሰርን፣ ያለው የሲኤምኤስ ሙከራ ለትምህርት በነጻ ከለቀቃቸው ፋይሎች አንዱን አወረድኩ። ሙዮን የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ የሆነ ቅንጣት ነው፤ የሙዮን ጥንዶች ጉልበትና ሞመንተም (አቅጣጫ ያለው የእንቅስቃሴ መጠን) በቁጥር ተደርድሯል። የሰፈሬ የሳቢያን ሙቀት ቀን አያሠራም፤ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ቁጭ አልኩበት።

ለተማሪዎቼ በተሰበረ ስኒ ነበር የማስረዳው፤ ስብርባሪውን ሰብስበሽ ብትመዝኚ የስኒው ክብደት ይመጣል። እዚህ ግን አይሠራም! የአንድ ሙዮን መጠነ ቁስ 0.106 ጂጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፣ ባጭሩ ጂኢቪ፤ የቅንጣቶች ጉልበትና መጠነ ቁስ የሚለካበት ነው። ሁለቱ ቢደመሩ 0.21። ፈራርሶ የሚወልዳቸው ጄ ፕሳይ የተባለ ቅንጣት ግን 3.097 ነው። የቀረው የት ገባ? ልጆቹ ይዘውት የሚበሩት ጉልበት ሆኗል። ስለዚህ ጉልበታቸውን ደምረሽ ስኩዌር ታደርጊያለሽ። ሞመንተማቸውን ከነአቅጣጫው ደምረሽ፣ እሱንም ስኩዌር አድርገሽ ትቀንሻለሽ። የውጤቱ ስኩዌር ሩት የወላጁ መጠነ ቁስ ነው።

በየመጠነ ቁሱ ስንት ጥንድ እንዳለ የሚያሳየውን ግራፍ፣ ሂስቶግራሙን፣ ሳወጣ 3.1 አካባቢ ቀጭን ጉብታ ብድግ አለ። አቦ፣ ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። በ1974 የፊዚክስ ሊቁ የሳሙኤል ቲንግ ቡድን አሜሪካ ባለው ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ጉብታውን ያየው እዚሁ ቦታ ነው፣ እነሱ በኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ጥንዶች። ግን ያመንኩት በኋላ ነው። ጄ ፕሳይ ቻርጅ ስለሌለው ልጆቹ አንዱ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ኔጋቲቭ መሆን አለባቸው። ተመሳሳይ ቻርጅ ያላቸውን ጥንዶች ለብቻ ስስላቸው ጉብታው የለም።

አሁን ወደ ቢ። ጄ ፕሳይ በተወለደበት ይፈራርሳል፣ የሚለካ ርቀት አይሄድም። ቢ ሜዞን ግን ወደ 1.5 የሴኮንድ ትሪሊዮንኛ ይኖራል። ለብርሃን በቀረበ ፍጥነት ስለሚበር፣ ኤልኤችሲቢ በተባለው ሌላው የሰርን ሙከራ በአማካይ 1 ሴንቲሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ሁለቱ ሙዮኖች ከግጭቱ ቦታ ራቅ ካለ ነጥብ ከተነሱ፣ ጄ ፕሳዩን ያመጣው እንደ ቢ ያለ ሌላ ወላጅ አለ ማለት ነው። ከዚያው ነጥብ ኬዮን የሚባል ቻርጅ ያለው ሌላ ቅንጣት ከወጣ ሦስቱን አብረሽ አስዪ። በቢ መጠነ ቁስ፣ 5.28 ላይ ጉብታ ይቆማል።

አንዷን ግጭት ነጥሎ «ይቺ ቢ ናት» ብሎ የሚምል የለም፤ በአጋጣሚ የተገጣጠሙ ቅንጣቶች ሞልተዋል። አጋጣሚው ግን ሁሉም ጋ ይበተናል እንጂ አንድ ቦታ አይከመርም።

ያ ፋይል ሙዮን ብቻ ስለያዘ ቢን አታገኚበትም፣ በጄ ፕሳይ ጀምሪ። መጠነ ቁሱ ተሠልቶ የተቀመጠበት አምድ አለው። እሱን ደብቂና ራስሽ አስዪው፤ ከዚያ አመሳክሪ።