ከአምስቱ ፕሮጀክቶቼ የትኛውን ላስቀድም?

ጥያቄ፦ በዌብ ዴቨሎፐርነት ተቀጥሬ መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። የቀን ሥራዬ የሌሎችን ድረ ገጽ መገንባትና መጠገን ስለሆነ የራሴ የምለው ሥራ እንዲኖረኝ ከተመኘሁ ቆይቻለሁ። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ አምስት ፕሮጀክቶች ሰፍረዋል፤ እነሱም ሥራዎቼንና ጽሑፎቼን የማሳይበት የግል ድረ ገጽ፣ ስላነበብኳቸው መጻሕፍት ማስታወሻ የምይዝበት ገጽ፣ የወር ወጪዬን የምመዘግብበት መተግበሪያ፣ ተማሪዎች ሒሳብ የሚለማመዱበት ድረ ገጽ፣ እንዲሁም አንድ ድረ ገጽ ከአገልግሎት ውጭ ሲሆን መልእክት የሚልክ መሣሪያ ናቸው። ለአምስቱም ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጽ አድራሻ ስም፣ ገዝቻለሁ። ሁሉም የተጠቃሚ ምዝገባ፣ የይለፍ ቃልና የአስተዳዳሪ ገጽ ስለሚያስፈልጋቸው አንድ ጊዜ ሠርቼ ለአምስቱም ልጠቀምበት ብዬ ያለፉትን ሦስት ወራት ይህንን የጋራ መሠረት ስገነባ ነው ያሳለፍኩት። እስካሁን ግን ሰው ከፍቶ የሚያየው አንድም ገጽ የለኝም። በሳምንት ያለኝ ትርፍ ጊዜ ቢበዛ ስድስት ሰዓት ነው። ከየትኛው ልጀምር? በማላውቀው አዲስ ፍሬምወርክ (ድረ ገጽ የሚገነባበት ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ) ብሠራውስ? ሁሉንም አንድ ሰርቨር (ድረ ገጽ የሚያስተናግድ ኮምፒውተር) ላይ ባስቀምጣቸው ችግር ይኖረዋል? አሠሪዬስ በእነዚህ ሥራዎች ላይ መብት አለው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ዓይኔን የያዘው ቁጥር ስድስት ነው፤ በሳምንት ያለዎት ስድስት ሰዓት። ሐሳብዎ አምስት መሆኑ አያሳስብም፤ ደብተር ላይ ያለ ሐሳብ ምንም አይጠይቅም። ሰው ፊት የወጣ ድረ ገጽ ግን ይጠይቃል። ዶሜይኑ በየጊዜው ይታደሳል፣ የምስጠራ ሰርተፍኬቱ ጊዜው ከማለፉ በፊት ይተካል፣ የተሠራባቸው ላይብረሪዎች (ሌሎች የጻፏቸው ዝግጁ ኮዶች) የደኅንነት ቀዳዳ በተገኘባቸው ቁጥር ይሻሻላሉ፣ ዳታው ይቀዳል፣ ቅጾቹን በማስታወቂያ የሚሞሉ ሮቦቶች ይታገዳሉ፣ የይለፍ ቃል የጠፋበት ሰው ሲጽፍም መልስ ይጠብቃል። አምስቱ ፕሮጀክቶች በሳምንት አንድ አንድ ሰዓት ብቻ ቢወስዱብዎት ለአዲስ ሥራ የሚተርፍዎት አንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ስንት ፕሮጀክት መያዝ ይችላል የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ስንቱን ሊንከባከብ እንደሚችል በማስላት ነው፤ እኔም አምስቱን በዚህ ዓይን አንድ በአንድ ተመልክቻቸዋለሁ።

የግል ድረ ገጽዎ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ዳታቤዝም ሆነ መግቢያ አያስፈልገውም፤ አስቀድመው የተዘጋጁ የኤችቲኤምኤልና የሲኤስኤስ ፋይሎች ብቻ ከሆኑ ለዓመታት ሳይነኩት ይቆያል። የመጻሕፍቱ ማስታወሻ ደግሞ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ሆኖ አልታየኝም። እያንዳንዱን ማስታወሻ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ጽፈው በግል ድረ ገጽዎ ውስጥ «መጻሕፍት» በሚል ክፍል ቢያኖሩት ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፤ ጎብኚውም እርስዎን የሚያገኘው በአንድ በር ይሆናል። ወጪ መመዝገቢያው የሚያገለግለው አንድ ሰው ነው፤ እርስዎን። በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ኤስኪውላይት በተባለው ዳታቤዝ ቢሠራ ሙሉ ዳታቤዙ አንድ ፋይል ስለሆነ መቅዳቱም ሆነ ማዛወሩ ፋይል ከመገልበጥ አይለይም። ከስልክዎ ሊከፍቱት ከፈለጉ በኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም በተመሰጠረ ግንኙነት፣ ላይ በድር ሰርቨሩ ራሱ የሚጠየቅ አንድ የይለፍ ቃል ይበቃዋል።

አምስተኛውን፣ ድረ ገጾችን የሚከታተለውን መሣሪያ፣ ቢሰርዙት እመክራለሁ። እንዲህ ያለ መሣሪያ ከሚከታተለው ድረ ገጽ ጋር በአንድ ሰርቨር ላይ መኖር አይችልም፤ ሰርቨሩ ሲወድቅ ጠባቂውም አብሮ ይወድቃልና። ሌላ ሰርቨር ላይ ቢያኖሩትም የጠባቂውን መቆም የሚነግርዎት አንድ ሌላ ጠባቂ መፈለግዎ አይቀርም። ለጥቂት ገጾች ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ እንዲህ ያሉ አገልግሎቶች ስላሉ ከእነሱ አንዱን ይጠቀሙ። ይህን ስል ሐሳቡ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሌሊትም ቀንም ንቁ መሆን ያለበትን ነገር በስድስት ሰዓት ማስተዳደር ስለማይቻል ነው።

አሁን ወደ ጋራ መሠረቱ ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ ልነግርዎት የምፈልገው ስለእሱ ነው። ከላይ ያለውን ዝርዝር መለስ ብለው ይመልከቱት። የግል ድረ ገጹ ተጠቃሚ አይመዘግብም፣ የመጻሕፍቱ ክፍልም አይመዘግብም፣ ወጪ መመዝገቢያው አንድ ተጠቃሚ ብቻ አለው፣ መከታተያው ተሰርዟል። የምዝገባ ሥርዓት ሊያስፈልገው የሚችለው የሒሳብ መለማመጃው ብቻ ነው። ሦስት ወር የተደከመበት ሥራ ለአምስት ታስቦ አገልግሎቱ ለአንድ ሆነ ማለት ነው፤ ያም አንዱ ምን ዓይነት ምዝገባ እንደሚያስፈልገው ገና አልታወቀም። ተማሪው በኢሜይል ይመዝገብ? ኢሜይል የሌለው ልጅስ? መምህሩ ለክፍሉ በሙሉ ኮድ ያድላል? አንድም ተማሪ ሳይጠቀምበት ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጥ መልስ ግምት ነው፤ በግምት ላይ የተጻፈ ኮድ ደግሞ እውነተኛው ፍላጎት ሲመጣ ከሚረዳው ይልቅ እንቅፋት የሚሆንበት ጊዜ ይበዛል።

ለብዙ ሥራ የሚያገለግሉ መሠረቶች እንዴት እንደተገኙ ማየት ይጠቅማል። ሩቢ ኦን ሬይልስ የተባለውን ፍሬምወርክ ዴቪድ ሃይንማየር ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ ሲያወጣው ቀድሞ የሠራው ቤዝካምፕን፣ ማለትም ሰዎች የሚጠቀሙበትን የፕሮጀክት ማስተዳደሪያ ነበር፤ ሬይልስ ከእሱ ውስጥ ተነጥሎ የወጣ ነው። ጃንጎ የተባለው ሌላ ፍሬምወርክም እ.ኤ.አ. በ2005 ከመለቀቁ በፊት በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት በሎረንስ ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ቤት ውስጥ በየዕለቱ ድረ ገጾች ሲሠሩበት የተገነባ ነው። በሁለቱም መጀመሪያ ሥራው ነበረ፤ የጋራው መሠረት የተለየው በሥራው ውስጥ የተደጋገመው ነገር ከታየ በኋላ ነው። እርስዎም ሁለት ፕሮጀክቶች ሕይወት ዘርተው በሁለቱም አንድ ዓይነት ኮድ መጻፍዎን ሲያዩ ያን ጊዜ ያውጡት። እስከዚያው የጻፉትን አያጥፉት፤ የኮድን የለውጥ ታሪክ በሚይዘው ጊት ውስጥ እንዳለ ይቀመጥ፤ ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ አንድም ሰዓት አይጨምሩበት። ሦስት ወር የደከሙበትን መተው ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል። ሆኖም አራተኛውን ወር ቢጨምሩበት ሦስቱን አይመልስልዎትም።

ስለ አዲሱ ፍሬምወርክ የጠየቁት አጭር መልስ አለው። ሌላ ሰው የሚደገፍበትን ሥራ በሚያውቁት ቴክኖሎጂ ይሥሩ፤ አዲሱን ቢበላሽ ከእርስዎ በቀር ማንም በማይጎዳበት ቦታ ይማሩበት። ወጪ መመዝገቢያው ለዚህ የተመቸ ነው፤ ጠባብ ነው፣ ሆኖም ቅጽ፣ ዳታቤዝ፣ ስሌትና ሠንጠረዥ ሁሉ አለው። ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ፕሮጀክት ላይ ግን አይደርቡ፤ ስህተት ሲፈጠር ከየትኛው እንደመጣ ለመለየት ይቸገራሉ።

አንድ ሰርቨር ይበቃዎታል። ብሮውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ፣ ኤችቲቲፒ 1.1፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ እያንዳንዱ ጥያቄ የሚፈልገውን ድረ ገጽ ስም «ሆስት» በተባለ ራስጌ ይዞ እንዲመጣ አስገዳጅ አድርጓል፤ በአንድ የአይፒ አድራሻ ላይ ብዙ ድረ ገጾች የሚስተናገዱት በዚህ ነው። ኢንጂንኤክስን የመሰለ ድር ሰርቨር ስሙን አይቶ ጥያቄውን ወደየፕሮጀክቱ ይመራዋል። ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር አንዱ ሲደፈር ሌላው እንዳይከተል ማድረግ ነው፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱ የሲስተም አካውንትና የራሱ የዳታቤዝ ተጠቃሚ ይኑረው። የይለፍ ቃሎችም ከኮዱ ተለይተው ይቀመጡ፤ አንድ ጊዜ ጊት ውስጥ የገባ የይለፍ ቃል በኋላ ቢሰርዙት እንኳ በታሪኩ ውስጥ ስለሚቀር ያለው መፍትሔ መቀየር ብቻ ነው።

አምስት ዶሜይን ግን አያስፈልግዎትም። አንዱን ይያዙና ሌሎቹን ሥራዎች በሰብዶሜይን (ከዋናው ስም ፊት ቃል በመጨመር) ያስገቡ፤ ኩኪዎቹ (ብሮውዘሩ የሚይዛቸው የመግቢያ መለያዎች) ግን ለዋናው ዶሜይን በሙሉ ሳይሆን ለየሰብዶሜይኑ ብቻ የተሰጡ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ የአንዱ መግቢያ ለሌሎቹም ይታያል። የቀሩት ዶሜይኖች ጊዜያቸው ሲያልቅ ሊተዉዋቸው ይችላሉ። ከመካከላቸው በአንዱ የኢሜይል አድራሻ ከፍተው በዚያ አድራሻ የትም ቦታ ተመዝግበው ከሆነ ግን መጀመሪያ አድራሻዎን በየቦታው ይቀይሩ። የተተወ ዶሜይን ማንም ሊገዛው ይችላል፤ የገዛው ሰው ደግሞ «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» ብሎ የሚመጣውን ማስተካከያ መልእክት በእርስዎ ስም ይቀበላል።

ስለ መጠባበቂያ ቅጂ አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን ሳልነግርዎት ማለፍ አልፈልግም። ከዓመታት በፊት የራሴ አነስተኛ ድረ ገጽ ነበረኝ። ሌሊት ሌሊት ዳታቤዙን ቀድቶ ጂዚፕ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ጨምቆ በቀኑ ስም የሚያስቀምጥ አጭር ስክሪፕት ጽፌለት ነበር፤ አልፎ አልፎ ስመለከት አዲስ ፋይል ተቀምጦ ስለማገኝ ልቤ ያርፍ ነበር። አንድ ቀን ሠንጠረዥ በስህተት አጠፋሁና የትናንቱን ቅጂ ከፈትኩ፤ ባዶ ነው። የትናንት በስቲያውን ከፈትኩ፤ እሱም ባዶ። የፋይሎቹን ዝርዝር ከነመጠናቸው ሳወጣ የሁለት ወር ቅጂዎች ሁሉ እኩል 20 ባይት ሆነው ተደርድረዋል። ከሁለት ወር በፊት የዳታቤዙን የይለፍ ቃል ቀይሬ በስክሪፕቱ ውስጥ ያለውን ሳልቀይር ቀርቻለሁ። ቅጂ የሚያወጣው ትእዛዝ መግባት ስለተከለከለ ምንም አላወጣም፤ ጂዚፕ ደግሞ ያንኑ ባዶ ነገር ተቀብሎ ጨምቆታል፤ ባዶ ግብዓት በጂዚፕ ሲጨመቅ 20 ባይት ይሆናል። ሁለት ትእዛዞች በቧንቧ ሲያያዙ፣ ማለትም የአንዱ ውጤት ለሌላው ግብዓት ሲሆን፣ ሼሉ (ትእዛዞችን የሚያስፈጽመው ፕሮግራም) የሚመዝነው የመጨረሻውን ውጤት ስለሆነ ስክሪፕቱ በየሌሊቱ እንደተሳካለት ሆኖ ይጨርስ ነበር። የሁለት ወር ጽሑፍ በዚህ ጠፍቶብኛል። እርስዎ ባሽ በተባለው ሼል የሚጽፉ ከሆነ ከተያያዙት ትእዛዞች አንዱ ሲከሽፍ ሁሉንም እንደከሸፈ የሚቆጥረውን «ፓይፕፌይል» የተባለውን ቅንብር ያብሩ፣ ስክሪፕቱ የፋይሉን መጠን ከትናንቱ ጋር አስተያይቶ ሲያንስ እንዲያሳውቅዎት ያድርጉ፣ በወር አንድ ጊዜም የመጨረሻውን ቅጂ በሌላ ኮምፒውተር ላይ በባዶ ዳታቤዝ ውስጥ መልሰው ይክፈቱት። ተመልሶ መከፈቱ ያልታየ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል።

የመጀመሪያው ፕሮጀክት እንግዲህ የመጻሕፍቱን ክፍል የያዘው የግል ድረ ገጽ ይሁን። ሁለት የሥራ ናሙናና ሦስት ማስታወሻ ይዞ ይውጣ፤ ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ ሊወስድብዎት አይገባም። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 ጊትን መሥራት በጀመረ በአራተኛው ቀን ጊት የራሱን ኮድ መያዝ ጀምሮ ነበር፤ የጎደለው ብዙ ነበር፤ ሆኖም የጎደለው በአገልግሎት ላይ እያለ ተሞላ። ሥራዎን ባቆሙ ቁጥር ቀጥሎ የሚሠራውን አንዲት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ይነሡ። «መግቢያውን አስተካክል» ብለው አይጻፉ፤ «በስልክ ስክሪን ላይ የምናሌው ሦስተኛ ቃል ወደ ታች ይወርዳል፤ ስፋቱን ቀንስ» ብለው ይጻፉ። ከአራት ቀን በኋላ ተመልሰው ሲቀመጡ ያቺ ዓረፍተ ነገር የግማሽ ሰዓት ፍለጋ ታድንልዎታለች።

የሒሳብ መለማመጃው ከአምስቱ ሁሉ ለሌላ ሰው የሚተርፈው ነው፤ ስለዚህ በሙሉ ልብዎ እንዲመጡበት ሌላው ሥራ ከተረጋጋ በኋላ ይሁን። ሲጀምሩትም ያለ ምዝገባ ይጀምሩት። ስለ ክፍልፋይ ብቻ 20 ጥያቄዎች በአንድ ገጽ ላይ ያዘጋጁ፤ ተማሪው የት እንደደረሰ በራሱ ብሮውዘር ውስጥ፣ ሎካል ስቶሬጅ በሚባለው ማስቀመጫ፣ ይቀመጥ። እንዲህ ሲሆን የልጆች ስም፣ ኢሜይልና ውጤት ወደ ሰርቨርዎ አይመጣም፤ ያልሰበሰቡትን መረጃ መጠበቅም አይኖርብዎትም። ከዚያ ሦስት ተማሪዎችን ከጎናቸው ተቀምጠው ምንም ሳይነግሯቸው ሲሠሩ ይመልከቱ። የትኛው ቁልፍ ጋ እጃቸው እንደሚያመነታ፣ ስህተት ሲሠሩ መልሱን ማየት ይፈልጉ እንደሆነ ወይም እንደገና መሞከር፣ ለነገ አቆይተው ለመቀጠል ይጠይቁ እንደሆነ ይጻፉ። በሌላ ስልክ ለመቀጠል የሚፈልጉ ሆነው ካገኟቸው ያን ጊዜ ምዝገባ ያስፈልጋል፤ ቀድመው ከጻፉት ኮድ የሚሆነውን ክፍል ያወጣሉ።

ስለ አሠሪዎ የጠየቁትን የሚመልሰው የሥራ ውልዎና በሚሠሩበት አገር ያለው ሕግ ነው፤ ውሉን አውጥተው ስለ አእምሯዊ ንብረትና ስለ ተጨማሪ ሥራ የሚናገረውን አንቀጽ ያንብቡ። አንዳንድ ውል በሥራ ሰዓትና በድርጅቱ መሣሪያ የተሠራውን ብቻ ለድርጅቱ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ከድርጅቱ ሥራ ጋር የሚቀራረበውን ሁሉ፣ በትርፍ ጊዜ የተሠራም ቢሆን ያካትታል። በየትኛውም ሁኔታ የድርጅቱን ኮምፒውተር፣ የድርጅቱን ኢሜይልና ለድርጅቱ የጻፉትን ኮድ ከእነዚህ ፕሮጀክቶች ያርቁ። አንቀጹ ግልጽ ካልሆነልዎት የፕሮጀክቶቹን ዝርዝር አያይዘው ለአሠሪዎ በጽሑፍ ያሳውቁና መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ይህም የግል ድረ ገጽዎ ከመውጣቱ በፊት፣ በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ቢፈጸም ይሻላል።