ቅቤ ውስጥ ዲዲቲ መፈለግ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለአትክልት የምንጠቀምበት ኬቸርስ (ፀረ ተባይን ከናሙና የማውጫ ዘዴ) ለቅቤ ይሆናል?

መልስ፦ እንዳለ አይሆንም። በ2003 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ለአትክልትና ፍራፍሬ የታሰበ ነው። ናሙናው ላይ አሴቶናይትራይል የሚባል ፈሳሽ ትጨምራለህ፣ በጨው ትለየዋለህ፣ አለቀ። ቅቤ ግን አብዛኛው ቅባት ነው። ቅባት አሴቶናይትራይል ውስጥ ብዙም አይሟሟም። ፀረ ተባዩ ዲዲቲና ስባሪው ዲዲኢ ደግሞ ቅባቱን አይለቁም። ማሽኑ «የለም» ይልሃል፤ አለ ግን!

እኔ ቅቤውን አቅልጬ ከውሃው እለየዋለሁ፣ ሄክሴን በሚባል ፈሳሽ አሟሟዋለሁ። ከዚያ ጄል ፐርሚዬሽን ዓምድ ውስጥ አሳልፈዋለሁ። ትልልቆቹ የቅባት ሞለኪውሎች ቀድመው ይወጣሉ፤ ፀረ ተባዮቹ ትንንሽ ስለሆኑ ይዘገያሉ። የተረፈውን ቅባት ፍሎሪሲል የሚባል ዱቄት ያጠራዋል። ከሁሉ በፊት ግን ሪከቨሪ ሥሩ! የምታውቁትን የዲዲቲ መጠን ናሙናው ላይ ጨምሩና ከ70 እስከ 120 በመቶው መመለሱን እዩ። ካልተመለሰ ቁጥር አታውጡ።

ጥያቄ፦ ጂሲው (ኬሚካሎቹን የሚለየው ማሽን) ላይ ዲዲዲ (ሌላው የዲዲቲ ስባሪ) በዛብኝ።

መልስ፦ ላይነሩ (ናሙናው የሚወጋበት የመስታወት ቱቦ) ቆሽሾ ይሆናል። ቅባት ሲከማችበት ዲዲቲው እዚያው ማሽኑ ውስጥ ይሰባበራል። ንጹሕ ዲዲቲ ብቻ ወግተህ እይ። ዲዲዲና ዲዲኢ ከመጡ ላይነሩን ቀይር።

አንዲት አባል፦ ቅቤው ሲነጠር ዲዲቲው ይጠፋ የለ እንዴ?

ሌላ አባል፦ እህቴ፣ የሚጠፋው ውሃው ነው።

አንዲት አባል፦ እናቶቻችን ስንት ዘመን አንጥረው በሉ!

ሦስተኛ አባል፦ ዲዲቲ ባይኖር ስንቱን ወባ በጨረሰው።

መልስ፦ የወባውን ክርክር ሌላ ቀን። ማንጠር ዲዲቲን አያስወግድም።

ጥያቄ፦ የወተት ውጤቴ ከሌላ ላብራቶሪ ጋር አልገጥም አለ።

መልስ፦ በወተቱ ክብደት ነው ወይስ በቅባቱ? 4 በመቶ ቅባት ያለው ወተት ላይ 0.02 ሚሊግራም በኪሎ ብትል፣ በቅባቱ ሲሰላ 0.5 ነው። ያው ወተት፣ 25 እጥፍ ልዩነት! ቅባቱን ለብቻ መዝኑ፣ በምን እንዳሰላችሁ ጻፉ። ሪከቨሪውንም አብራችሁ።

ጥያቄ፦ ምርጡ ዘዴ የቱ ነው?

መልስ፦ ለየትኛው ኬሚካል? በየትኛው ምግብ? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ስንት ያስወጣል?

መልስ፦ ላብራቶሪውን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ኬቸርስ ለአቮካዶስ?

መልስ፦ አሁንም ኬቸርስ? ቅባት ለማይወዱት ኬሚካሎች ይሠራል። ፈሳሹን አሳድረህ አቀዝቅዘው፤ ቅባቱ ይረጋል። ከዚያ ሲ18 በሚባለው ቅባት ያዥ ዱቄት አጥራው። ለዲዲቲ ዓይነቶቹ ግን ሪከቨሪው ይወርድብሃል። ምን ያህል እንደወረደ የሚነግርህ ያው ሪከቨሪው ነው፤ ሥራውና ቁጥሩን ይዘህ ና።