መልስ፦ ለቤት ኮምፒውተር ባክአፕ (ሌላ ቦታ የሚቀመጥ የፋይል መጠባበቂያ ቅጂ) ያስፈልጋል ወይ?

ወንድሜ፣ «ኮምፒውተሬ ደህና ነው፣ ባክአፕ ምን ያደርግልኛል?» ላልከው፣ እኔም እንደዚሁ እል ነበር። አንድ ማታ እዚህ ጎንደር መብራት ሄዶ ሲመለስ ሃርድ ዲስኬ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። በቃ። የልጄ ክርስትና ፎቶ፣ ከፋሲል መዋኛ የቀረጽኩት የጥምቀት ቪዲዮ፣ ሁሉንም ውሃ በላው።

ባክአፕ ስታደርግ ሁሉን ነገር አትቅዳ። ፊልምና ዊንዶውስ እንደገና ይገኛል። ፎቶና ሰነድህን ለይተህ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ቅዳ። ሲጨርስ ንቀለው! ተሰክቶ ከዋለ ቫይረስ ቢገባ ሁለቱንም ነው የሚበላብህ። ፍላሽ ለማመላለሻ እንጂ ለማኖሪያ አላምነውም። የግድ የሆኑትን ጎግል ድራይቭ (የጎግል የኢንተርኔት ማስቀመጫ) ላይ ጫን፤ ከጂሜይልህ ጋር የሚጋራው 15 ጊጋባይት ነጻ ነው። ቪዲዮ ግን በሞባይል ዳታ እንዳትሞክር፣ ካርድህን ይጨርሰዋል። ዲስኩንም ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ቤት አታኑረው፤ የእኔ አዘዞ እናቴ ቤት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ከቀዳህ በኋላ አንድ ሁለት ፋይል ከፍተህ እይ።